የቢሆነኝ ሆድ

ቢሆነኝ ሥዕል አይችልም። ዶሮ ሣል ብትሉት ድንች ይሥላል። ምላስ ግን አለው፣ ያውም የሚላጭ። ሥዕሉን የሚሥለው ታፔላ ጸሐፊው ሰፍዋን ነው። ቢሆነኝ ከሥሩ አንድ የሚያስቅ መስመር ይጽፍበትና ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሸሕዲ ከተማ፣ በእኔ በዝናሽ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ሰው ይስቃል፣ ቢሆነኝ ደረቱን ነፍቶ ሻዬን በነጻ ይጠጣል።

አጨዳ ሲደርስ የለጠፉት ከሁሉም የባሰ ነበር። ሥዕሉ ላይ ሠራተኞች ከበርሜል የወንዝ ውሃ ሲቀዱ፣ ቦርጫሙ ባለእርሻ ለውሻው የታሸገ ውሃ ያጠጣል። ከሥሩ፦ «ምን ላድርግ፣ የወንዝ ውሃ ሆዱን ያመዋል።» ከደጋ የወረዱት ሠራተኞች ደጄ ላይ ቀጣሪ ሲጠብቁ፣ ማንበብ የሚችለው ለማይችለው እያነበበ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ባለእርሻዎቹም ሳቁ፤ ሁሉም ሥዕሉ የጎረቤቱ መስሎታል።

ቢሆነኝም ታዲያ አራት ሄክታር ሰሊጥ አለው፤ ዓመቱን የሚኖረው በእሱ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ሰው አይጠብቅም፤ በጊዜ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ትራክተር ከነተጎታቹ ተከራይቶ ሠራተኛ ሊጭን መጣ። ተጎታቹ ላይ የውሃ በርሜል ጭኗል፣ በእጁ የታሸገ ውሃ ይዟል።

እዚህ አገር ሠራተኛ ቀለቡንና ውሃውን ሳይጠይቅ አይሳፈርም። የቡድኑ አለቃ አሸናፊ፣ ጎጃሜ ነው፣ በርሜሉን ከፍቶ አየና ከየት እንደተቀዳ ጠየቀ። ቢሆነኝ ከወንዝ ነው፣ ሁሉም የሚጠጣው ነው አለ።

«እርስዎ የያዙትስ?»

«እኔማ የወንዝ ውሃ ሆዴን ያመኛል።»

ወይ ጉድ! አሸናፊ ግድግዳዬን አየ፣ ቢሆነኝን አየ። ከዚያ የተሳቀው ሳቅ! እኔ ራሴ ብርጭቆ ሰበርኩ። ትራክተሩ ባዶውን ተመለሰ።

ሳምንቱን ሙሉ ቢሆነኝ ሠራተኛ ጠፋ እያለ ላገኘው ሁሉ ሲያማርር ከረመ። ደጄ ላይ ሠላሳ ሰው ተቀምጦ! አንተ ሰው፣ ውሃ ግዛላቸውና ተገላገል አልኩት፤ ኮራብኝ። በሌላው ለመሳቅ የፈጠነውን ያህል በራሱ ሲሳቅበት መቻል አልሆነለትም። በመጨረሻ ማጭድ ይዞ ብቻውን ማሳው ገባ። አንጀቴን በላኝ፤ ሳቄ ግን ይቀድመኛል።

ቅዳሜ ሰፍዋን አዲስ ሥዕል ለጠፈ። ቢሆነኝ ጎንብሶ ብቻውን ያጭዳል፣ ከኋላው ሰሊጡ ይረግፋል። ከሥሩ ባዶ ነው። ቢሆነኝ እጁን በጨርቅ ጠምጥሞ ገባ። ቀዶ ይጥለዋል ብዬ ነበር። እስክሪብቶ ለመነኝና ባልቆሰለው እጁ ጻፈበት፦

«ሠራተኛ ተገኝቷል።»

መጀመሪያ የሳቀው አሸናፊ ነው። ስቆ ሲያበቃ ማጭዱን አነሣና፣ «ውሃውስ?» አለው።

ቢሆነኝ ከባለሱቋ ከኩብራ የታሸገ ውሃ በትከሻው እያመላለሰ እንደገና በተከራየው ተጎታች ላይ ጫነ፤ ሠራተኞቹም ተሳፈሩ። ማሳው ሲደርሱ ግማሹ ሰሊጥ መሬት ላይ ነበር።