በጓዳ በር ላይ የተቀዳ ዘፈን

መጀመሪያ ያደረገው ነገር የጊታሬን ፔዳል መንቀል ነው። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልተለዋወጥንም። እግሬ ሥር ጎንበስ አለ፣ ገመዱን ነቀለ፣ ፔዳሉን አንስቶ መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። «እስቲ ያለሱ ምታው» አለኝ። እኔ ደግሞ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን ቆቦ ውስጥ እማያውቅ የለም። ያ ፔዳል የጊታሩን ድምፅ አጎርንኖ እሚያስጮህ ዕቃ ነው፤ ያለሱ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። ደሜ ፈላ። ዝም ብዬ መታሁለት እንጂ በሆዴ «ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቀንም አልውልም» እያልኩ ነበር።

ዛሬ ስለዚያ አቀናባሪ ክፉ እሚያወራ ቢመጣ መጀመሪያ እሚጣላው ከኔ ጋር ነው።

ቆቦ ውስጥ ሮክ እሚጫወት ባንድ አለ ሲባል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አለ፤ አራት ነን። ዘፋኛችን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ቤዝ ጊታር እሚመታው እህል ነጋዴ ነው። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። ድራመራችን እዚሁ ቅርብ ያለችው የሮቢት ልጅ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ሰርግ ሲኖር ባጃጁን አቁሞ ይመጣል። የራያን ዜማ እንወስድና በጊታርና በድራም እናስጮኸዋለን። በእውነት ለመናገር ከዜማው ይልቅ ጩኸቱ ይበዛ ነበር። የሰርጉ ድንኳን ሲንቀጠቀጥ የተዋጣልን ይመስለን ነበር።

አቀናባሪው ከደሴ ነው የመጣው። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ ቆቦ ስትመደብ ኮምፒውተሩንና ሁለት ስፒከሩን ይዞ ተከትሏት መጣ። የተከራዩበት ግቢ ውስጥ አንዷን ክፍል በስፖንጅና በእንቁላል ካርቶን ለብዶ ስቱዲዮ አደረጋት። እኛም ዘፈን ልናስቀዳ ወደዚያ ሄድን። በዕድሜ ስለሚበልጠን «ጋሼ» እንለዋለን። ወሬ አያበዛም። አንድ ነገር ሲበላሽብን «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ይልና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሲቀዳ ማራገቢያው ስለሚጠፋ እዚያች ክፍል ውስጥ በቆቦ ሙቀት እንደ ድንች እንቀቀል ነበር፤ እሱ ግን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይቀመጣል።

ከሁሉ በፊት ያስገረመኝ አሰማሙ ነው። የቀዳነውን ሊሰማ ሲፈልግ ክፍሉ ውስጥ አይቆይም። ስፒከሩን ወደ በሩ ያዞርና ወጥቶ መንገድ ዳር ያለው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ዓይኑ አላፊ አግዳሚው እግር ላይ ነው። ጫማ ሊገዛ ያሰበ ነው እሚመስለው። «ምን እያየህ ነው?» ስለው «አካሄዳቸው ይለወጥ እንደሆነ ነው» አለኝ። የኛን ዘፈን ከፈተው። ዶሮ ይዛ ከገበያ እምትመለስ ሴትዮ ወደኛ ዞር ብላ አየችና ዶሮዋን በነጠላዋ ሸፍና ፈጠን አለች። ዘፋኛችን ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ዶሮዋን ያስደነገጠው የኔ ጊታር እንደሆነ አውቄያለሁ።

ከዚያ በኋላ መቀነስ ጀመረ። ሌላ አቀናባሪ ይጨምራል፤ እሱ ይቀንሳል። ከዘፋኛችን ድምፅ ላይ እሚያስተጋባውን ኢኮ አነሳበት። ዘፋኛችን ድምፁን ያለ ኢኮ ሲሰማ ራቁቱን የቆመ ያህል አፈረ። «ሜዳ ላይ ሰው ሲዘፍን ድምፁ ይሄዳል እንጂ አይመለስም» አለው ጋሼ፣ «አንተም ልቀቀውና ይሂድ።» እህል ነጋዴውን በጣትህ ብቻ ምታ አለው። እኔን ደግሞ «ሁሉንም ቦታ አትሙላ፤ ለሌላውም ሰው መቆሚያ ተውለት» አለኝ። ተናደድኩ፣ ወጣሁ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። ስመለስ የቀዳውን አሰማኝ። ዘፋኛችን እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳለው አብሬው ስኖር አላውቅም ነበር።

የቸገረን ድራሙ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ጆሮህ ላይ ክሊክ እሚባል ነገር ያደርጉልሃል፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ምቱን ይቆጥርልሃል። ሁሉም ሰው ከሱ ጋር እኩል መሄድ አለበት። ድራመራችን እኩል መሄድ አቃተው። ሁልጊዜ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ይዘገያል። ደግመን ሞከርን፣ እንደገና ሞከርን፣ ያው ነው። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ሰርግ ላይ ሰውን ከመቀመጫው እሚያስነሳው ልጅ እዚያች ክፍል ውስጥ ጀማሪ ሆነ።

በመጨረሻ ዘፋኛችን ተናገረው። «ድራሙን ለምን በኮምፒውተር አናስገባም? ሁሉም እንደዚህ ነው እሚሠራው» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው እሚሠራው። ድራመራችን እንጨቶቹን ጭኑ ላይ አስተኛቸው። «ማሽኑ ከገባ እኔ ምን እሠራለሁ?» አለ በቀስታ። «አልተቀየምኩም፣ ወላሂ። ግን ያኔ ባጃጄን ልንዳ፤ ድራሙንም እሸጠዋለሁ።» ያ ልጅ ያንን ድራም ለመግዛት ስንት ሰው እንዳመላለሰ አውቃለሁ። ሁላችንም ጋሼን አየነው። «እስከ ገበያው ቀን እንሞክር» አለ። «ካልሆነ ማሽኑን እናስገባለን።»

በነጋታው ስንጫወት ጋሼ እንደ ልማዱ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አላደረገም። ወንበሩን አዙሮ እኛን ያየናል። መሀል ላይ እጁን አነሳና አስቆመን።

«ምንጣፉ ላይ ምን አለ?» አለ።

ተያየን። «ምንም የለም» አለ እህል ነጋዴው።

«ታዲያ ምንድነው እምታዩት? ሦስታችሁም አንገታችሁን ደፍታችሁ መሀል ምንጣፉን ነው እምታዩት። እሱ ብቻ ነው ቀና ያለው» ብሎ ወደ ዘፋኛችን ጠቆመ።

እውነቱን ነበር፤ እኛ ግን ልብ ብለነው አናውቅም። ራያ ላይ ሰርግ እሚያጫውት ሰው ምት አይቆጥርም፤ ጨዋታውን እሚመራውን ሰው እግር ነው እሚያየው። የራያ ጨዋታ በእግር ነው። እግሩ ይነሳል፣ አየር ላይ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ይወርዳል። ያቺን ቆይታ ድራሙ ይጠብቃታል። እግሩ ሳይወርድ ድራሙ ከወረደ ጨዋታው ተበላሸ፣ ባለ እግሩም ተናዶ ይወጣል። እኛ ይህን ከልጅነታችን ለምደነው ስቱዲዮ ገብተን እንኳ ባዶ ምንጣፍ ላይ እግር እንፈልግ ነበር። ዘፋኛችን ጎጃሜ ነው፣ እሱ ምን ያድርግ።

ይህን ለጋሼ ነገርኩት። እሱም ወደ ድራመራችን ዞረ። «ስለዚህ አልዘገየህም። እየጠበቅህ ነው» አለው። «የማንን እግር ነው እምትጠብቀው?»

ልጁ አቀረቀረ። «የአባቴን» አለ።

አባቱ የሮቢት ገበሬ ናቸው። ሰርግ ላይ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው እግራቸውን ሲጥሉ ሰው ጨዋታውን ትቶ ክብ ይሠራላቸዋል። ልጃቸው ግን ያንን ድራም ሲገዛ ፊታቸውን አጠቆሩ። «ድራሙን ቤቴ አላስገባውም» አሉ፤ ስሙንም «ቆርቆሮ» አሉት። እሱ ይጫወትበታል የተባለ ሰርግ ላይ እግራቸው ደርሶ አያውቅም። ድራሙ ያን ሁሉ ጊዜ እሚያድረው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው። ስልክ ሊያሠራ እሚመጣው ሁሉ በሱ ይደናቀፋል፣ የተደናቀፈውም እኔን ይሳደባል።

«አይመጡም» አለ ልጁ።

«አብሽር» አለው ጋሼ።

ሚኒባስ ተሳፍሮ ብቻውን ሮቢት ሄደ። እንዴት እንዳሳመናቸው በኋላ አባትየው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ሽንኩርት ሲያጠጡ አገኛቸው። ጫማውን አውልቆ ቦዩ ዳር ተቀመጠ። ስለ ዘፈን አንድም ቃል አልተነፈሰም። «አባቴ፣ ፍርድ ፈልጌ ነው የመጣሁ» አላቸው። «ልጅዎን ምት ላይ ይዘገያል ይሉታል። እኔ አልዘገየም ባይ ነኝ። እሱ እሚከተለውን እግር እሚያውቁት አንቱ ብቻ ነዎት፤ አንቱ ካልፈረዱ ልጁ በሐሰት መከሰሱ ነው።»

ሽማግሌው መኮትኮቻቸውን ጣሉ። «እኔን እያየ ያደገ ልጅ ይዘገያል ያለው ማነው?» አሉት። አያችሁ ነገሩን? ልጃቸው ላይ የተባለውን በራሳቸው እግር ላይ እንደተባለ ነው የቆጠሩት። ያ ዝምተኛ ሰውዬ ይህን አስቀድሞ አውቆታል። እኔ ብሆን ስለ ጥበብ ስሰብክላቸው እውልና በውሃው ረጭተውኝ እመለስ ነበር።

በገበያው ቀን መጡ። ንጹሕ ሽርጥ አሸርጠዋል፣ ነጠላ ደርበዋል፣ በረባሶ ተጫምተዋል፣ ዱላቸውን ይዘዋል። ለልጃቸው ሰላምታ እንኳ አልሰጡትም። ድራሙን እንደ እንግዳ ከብት ዙሪያውን አዩት። ምንጣፉ ላይ ወጥተው አንድ ጊዜ ረገጡና «ይሄ ፍራሽ ነው፤ እግር ይበላል» አሉ። ጋሼ ምንጣፉን ጠቀለለ። ሲሚንቶው ደግሞ ድምፅ አልሰጥ አለ። ትንሽ አሰበና መፍቻ ይዞ ወደ ጓዳ ገባ። የጓዳውን የእንጨት በር ከነማጠፊያው ነቅሎ አምጥቶ መሬት ላይ አስተኛው። ሽማግሌው ረገጡበት። «አሁን ይሁን» አሉ።

ጋሼ ክሊኩን ከጆሯችን አወጣልን። ማራገቢያው ጠፋ። ዋናው መንገድ ላይ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፍቶ እስኪያልፍ ጠበቅን። ከዚያ ሽማግሌው ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋደሙና እግራቸውን አነሱ። ልጃቸው አየ። እግሩ አየር ላይ ቆየ፣ እሱም ቆየ። በሩ ላይ ሲያርፍ ድራሙም አብሮ አረፈ። አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም ነበር። ጀርባዬን ላብ ሳይሆን ብርድ ብርድ አለኝ። ጊታሬን የት እንደማስገባው ያኔ ነው የገባኝ፤ እግሩ አየር ላይ ሲሆን አንድ ክር ብቻ፣ በደረቁ፣ ያለ ምንም ጉርምርምታ። ፔዳሉ መስኮቱ ላይ ነበር። ትዝም አላለኝ።

ስንጨርስ የጋሼ ባለቤት ከሥራ ገባች። ጓዳውን አየች፣ እኛን አየች። «በሩስ?» አለች። «እየቀዳነው ነው» አላት ጋሼ። ለምዳዋለች መሰለኝ ሻይ ልታፈላ ሄደች።

ሽማግሌው ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሻያቸውን ሲጠጡ ጋሼ ኮምፒውተሩ ላይ ጎንበስ አለ። ጠጋ ብዬ ሳይ ለብቻው የተቀዳውን የእግሩን ድምፅ ከዘፈኑ ውስጥ እያወጣው ነው። ቆሽቴ አረረ። «ሰውየውን ከሮቢት ድረስ አምጥተህ፣ በር አስነቅለህ፣ አሁን ታጠፋዋለህ?» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። «እግሩን የፈለግሁት እናንተ እንድታዩት ነው» አለኝ። «ካያችሁት በኋላ ከናንተ ውስጥ አይወጣም።» ከዚያ ስፒከሩን ወደ በሩ አዞረና ከፈተው።

ድራመራችን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለሱ ፍርዱ ያ ነው፤ ማሽኑ ይገባል ወይስ አይገባም። ሽማግሌው ሻያቸውን እያማሰሉ ሰሙ። መጀመሪያ ማንኪያው ቆመ። ቀጥሎ በረባሶው ከመሬት ተነሳ፣ አየር ላይ ቆየ፣ ወረደ። ድራሙም አብሮት ወረደ። እንደገና ተነሳ። ጋሼ የሽማግሌውን እግር አየ፤ እኔም አየሁ፤ ዘፋኛችንም አየ።

«የኔ እግር የታል?» አሉ ዘፈኑ ሲያልቅ።

«አውጥቼዋለሁ አባቴ» አላቸው ጋሼ። «አሁን የሰሙት ልጅዎን ብቻ ነው።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። «ድገመው» አሉ። ደገመላቸው። እስኪያልቅ ቀና አላሉም። ዘፋኛችን ልጁ አጠገብ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ የማሽን ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነሳም።

«ያ ነገር የት ነው እሚያድረው?» አሉ ሽማግሌው በድንገት። ቆርቆሮ አላሉትም።

«እኔ ሱቅ ነው አባቴ» አልኳቸው።

«ሱቅ ውስጥ አቧራ ይበላዋል። ቤት እያለው ለምን በሰው ሱቅ ያድራል?» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

ድራሙን ፈታተን ባጃጁ ላይ ጫንነው። ልጁ ዓይኑን አባቱ እንዳያዩበት ፊቱን ወደ መሪው አዞረ። ትልቁ ድራም አልገባ ብሎ አስቸገረን። ሽማግሌው «ስጡኝ» አሉና ከኋላ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ በሁለት እጃቸውም አቀፉት። ወደ ሮቢት ሲነሱ ጋሼ ደረጃው ላይ ሆኖ የሽማግሌውን እግር ያይ ነበር። እኔ ያየሁት እጃቸውን ነው። የድራሙን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ሄዱ።