ቂም እስከ ጊፋታ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሜላት ዳናን ለሚያውቅ ይህን መንገር አያስፈልግም። በ2007 ሶዶ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አብረን ስንሠራ፣ ተማሪ የሚመዘገብበትን የኮምፒውተር ገጽ የሠራችው እሷ ናት። አንድ ነገር አጥብቃ ትጠላ ነበር፦ ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ብሮውዘሩ፣ ከራሱ አውጥቶ ሰው ፊት የሚደነቅረውን የመልእክት ሳጥን። «‹እሺ› እስክትይው ድረስ ገጹን ሁሉ ያስረዋል። መልኩም ሥልጣኑም የእኛ አይደለም» ትለኛለች። ስለዚህ «ይመዝገብ?» የሚለውን ጥያቄ እዚያው ገጹ ላይ በራሷ እጅ ሠራችው።

አለቃችን ሚልክያስ ግን «ሰው ካልተደነቀረበት አያነብም!» ብሎ የሷን አወጣና በየመስመሩ የብሮውዘሩን ሳጥን ተከለበት። ይባስ ብሎ ለኮሌጃችን ዲን «እኔ ነኝ የሠራሁት» አላቸው። ሜላትን ፎቶ ኮፒ ክፍል ወረወራት። ወይ ድፍረት! እኔ በንዴት ልፈነዳ ስል እሷ «ሥራው የማን እንደሆነ በሰው ፊት በአፉ ይናገራታል» አለች።

ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ደርሶ ነበር። እኛ ዘንድ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መሻገር ነውር ነው፤ ስለዚህ የቢሯችን ሽማግሌ አቶ ቦልቴ ሊያስታርቁ መጡ። «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ተይው» አሏት።

«ገጹ በተመረቀ ማግስት እታረቃለሁ፣ አባቴ» አለች።

በምረቃው ቀን ሚልክያስ እንግዶች ፊት በፕሮጀክተር የመጀመሪያውን ተማሪ መመዝገብ ጀመረ። ስም ሲጽፍ ሳጥን። ዕድሜ ሲጽፍ ሳጥን። እንግዶቹ ሳቁ። ከሳጥኑ ሥር በእንግሊዝኛ ‹ይህ ገጽ ሌላ ሳጥን እንዳያወጣ› የሚል ምርጫ ነበር፤ ቢያፍር ጊዜ እሱን ነካ። ሳጥኖቹ ጠፉ። ግን «ይመዝገብ?» የሚለውም ሳጥን ነበርና አብሮ ጠፋ፤ ብሮውዘሩ ማንንም ሳይጠይቅ በራሱ «አይመዝገብ» እያለ ይመልስ ጀመር። ሚልክያስ ቢጫን፣ ቢደጋግም፣ ምንም የለም።

«የሠራኸው አንተ አይደለህ? አስተካክለዋ!» አሉት ዲኗ።

ላቡ ጠብ እያለ ከኋላ ወደተቀመጠችው ሜላት ዞረ። «ሜላት፣ እባክሽ...»

«እኔ የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ ነኝ» አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሣ።

«ሥራው የሷ ነው» አለ በመጨረሻ፣ አንገቱን ደፍቶ። እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ያኔ ተነሥታ አስቀምጣው የነበረውን የራሷን ገጽ ከፈተችላቸው፤ ተማሪው ተመዘገበ።

በማግስቱ፣ ጊፋታ ሳይገባ፣ አቶ ቦልቴ ፊት ተጨባበጡ። ሚልክያስ እጇን ሳይለቅ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ትናንት ምን አድርገሽብኝ ነው?» አላት።

«እኔ ምንም አልነካሁም» አለች። «ብሮውዘሩን ‹ሁለተኛ እንዳትጠይቀኝ› ያሉት እርስዎ ነዎት።»