ከመርፌው እስከ እራት

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ተረት የሚጀመረው ከመርፌ በኋላ ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ የሺ አመሻሹ ላይ ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ቀዝቅዛ የምትቀመጠውን የኢንሱሊን ብልቃጥ አውጥተው ጭናቸው ላይ ይወጋሉ፤ ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጥተው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሐኪሙ «ከወጉ በኋላ ትንሽ ቆይተው ይብሉ» ብሏቸው ነበር። ያቺ «ትንሽ» የተባለች ጊዜ፣ ወጡ እስኪወጣ ድረስ ያለችው፣ የእኔ ነበረች።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ከቡሬ ከተማ ወጣ ካለው ሰፈራችን መብራት አልደረሰም ነበር። ያኔ ከደጃችን ቆመን የከተማውን መብራት ቁልቁል እያየን እንቀናለን፣ ከዚያ ገብተን ኩራዛችንን እንለኩሳለን። የኩራዙ ጭስ ግድግዳው ላይ ጥቁር ምላስ ሠርቶ ነበር፤ ክረምት ሲሆን እርጥቡ እንጨት አልነድ እያለ ቤቱን ጭስ ይሞላዋል፤ እትዬ የሺ ከጭሱ መሀል ሆነው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርታቸው ሲሾር፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ሲሄድ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሦስቱ ድምፆች ተዋህደው የት እንዳለሁ ያስረሱኝ ነበር።

እትዬ ቀልደኛ ነበሩ፤ በበሽታቸው ሳይቀር ይቀልዳሉ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ከታወቀ ጀምሮ እናቴ ጣፋጭ የተባለ ነገር ሁሉ ከቤት አባርራ፣ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነበር የምንጠጣው። እሳቸውም እንግዳ በመጣ ቁጥር «በዚህ ቤት ስኳር ያለው እኔ ደም ውስጥ ብቻ ነው፤ የፈለገ ከዚያ ይቅዳ» ይሉ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው የጦጣዋን ነበር። ጦጣዋ ጅቡን አታልላ ወንዝ ታሻግረዋለች፣ እሱን ማዶ ትታ እሷ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። በቃሌ ስለማውቀው አንድ ቃል ቢያጎድሉ አርማቸው ነበር።

አንድ ዓመት የፍልሰታ ጾም ገባ። በፍልሰታ እኛ ልጆቹም እንጾም ስለነበር እትዬ ከልጅ አንሶ መታየት ሞት መሰላቸው። ሐኪሙ እንዳይጾሙ ነግሯቸዋል፤ የንስሐ አባታቸውም ለታመመ ሰው እንደማይገደድ ነግረዋቸዋል፤ ለሁለቱም «እሺ» ብለው ጾሙ። ቀኑን ውለው ሲበሉም እንደ ወፍ ለቀም አድርገው ይተዋሉ። መርፌውን ግን እንደ ድሮው፣ በልተው እንደሚያድሩበት ጊዜ፣ ያንኑ ያህል ይወጉ ነበር።

ያኔ ነው ተረቱ መንገዱን መሳት የጀመረው። ጦጣዋ ወንዙን ተሻግራ መመለሷን ተወች። ጅቡ ተረሳ። ጦጣዋ ብቻዋን ጉም እንደ ጤፍ የሚታጨድበት አገር ገባች፤ ሰዎች ነዶ ነዶውን ጉም አውድማ ላይ እያበራዩ፣ ዝናቡን ከገለባው ይለያሉ። እዚያ አገር በክረምት ጥላ ሁሉ ስለሚርስ፣ ሰው ጥላውን ምድጃ ዳር አስጥቶ ነው የሚተኛው። እትዬ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው ከፍሙ አይነቀልም፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፤ ክሩም በእጃቸው መሀል አንዴ ይወፍራል አንዴ ይቀጥናል። እኔም ማረሜን ተውኩ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ጆሮዋ ቢገባም «ጾሙ አድክሟቸው ነው» ብላ አለፈችው።

በጾሙ አጋማሽ ላይ አንድ ምሽት፣ ፈትል እየገዛ ለሸማኔ የሚሸጥ ጋሽ እንድሪስ የሚባል የቡሬ ነጋዴ ዝናብ አስገድዶት ቤታችን ተጠልሎ ነበር። እትዬ መርፌያቸውን ወግተው ተረት ጀመሩ። ጦጣዋ የጉሙን አገር አቋርጣ ከአንድ ቤት ደረሰች፤ በሩ ተዘግቷል፣ በስንጥቁ ግን የማር ቀለም ያለው ብርሃን ይወጣል፣ ከውስጥ የሟች እናቷ ድምፅ ይጠራታል። ጦጣዋ እጇን በሩ ላይ አደረገች። እትዬ እዚህ ላይ ዝም አሉ። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። እንዝርቱ ከእጃቸው አምልጦ ተንከባለለ፤ እኔን እያዩ በማላውቀው ሰው ስም ጠሩኝ።

እናቴ ከወጡ ተነስታ መጣች። «ስኳራቸው ወጣ። እንዲወርድ ግራዋ ልጨምቅላቸው» ብላ ወደ ጓሮ ልትሮጥ ስትል ጋሽ እንድሪስ በሩ ላይ ቆመባት።

«የለም እህቴ፣ ወርዶ ነው። እኔም አለብኝ፣ አውቀዋለሁ። ስኳር በጥብጪላቸው።»

«ለስኳር በሽተኛ ስኳር? ልትገድልብኝ ነው ጋሽ እንድሪስ?»

«ካልሰጠሻቸው ነው የሚሞቱት። ይልቅ ቶሎ በይ፣ መዋጥ ሳያቅታቸው።»

በቤቱ ግን አንዲት ፍሬ ስኳር አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ከኮቱ ኪስ አንድ እፍኝ ከረሜላ አወጣ፤ ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ብሎ ከኪሱ አይለየውም ነበር። እናቴ በነጭ ሽንኩርት ሙቀጫ ወቅጣ፣ ለብ ባለ ውሃ በጥብጣ አቀረበች፤ እሱ ጀርባቸውን ደግፎ ጥቂት በጥቂት አጠጣቸው። እኔ ነጠላቸውን ይዤ አለቅስ ነበር። እትዬ እንዳይሞቱ ነበር የማለቅሰው፤ የተረቱ በር ያኔ ትዝም አላለኝ። ብዙ የቆየ መሰለኝ። በመጨረሻ እትዬ ከንፈራቸውን ላስ አድርገው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ስኳር ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል?» አሉ።

እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እየሳቀች አለቀሰች።

በነጋው እናቴና እትዬ እኔንም ይዘው በማንኩሳ በኩል ፍኖተ ሰላም ሐኪሙ ዘንድ ሄዱ። ሐኪሙ እናቴን ሰምቶ ሲያበቃ ወደ እትዬ ዞረ። «እትዬ፣ ምግቡን ቀንሰው መርፌውን እንዳለ ከተዉት፣ ስኳሩ የሚወርድበት ገደል መጨረሻ የለውም። መጾምዎ ካልቀረ ይንገሩኝና መጠኑን አብረን እናስተካክል። በገዛ እጅዎ ግን አይቀንሱ፣ አይጨምሩ።» እትዬ እንደ ተቀጣ ልጅ አንገታቸውን ደፉ፤ ጾሙንም በዚያው ተዉት። ሐኪሙ ለጊዜው መጠኑን ቀነሰላቸው።

ጾሙ ተፈትቶ ቤቱ እንደ ልቡ መብላት ሲጀምር ደግሞ ሌላ መጣ። እትዬ ተረቱን በየመሀሉ አቋርጠው ውሃ ይጠጣሉ፤ ጅቡን ወንዝ ዳር ገትረው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ተመልሰው ደግሞ ይጠጣሉ። ስኳሩ ወጥቶ ነበር። እንደገና ፍኖተ ሰላም፣ እንደገና ትንሽ ጭማሪ፣ ጥቂት ቆይቶ እንደገና። እኔም ሳላስበው ነገሩ ገባኝ። ሲወጣ ተረቱ ይቆራረጣል፣ ሲወርድ መንገድ ይስታል፣ ልክ ሲሆን ጦጣዋ ቤቷ ትገባለች። እናቴ ይህንኑ ለሐኪሙ ስትነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን በሄድን ቁጥር መርምሯቸው ሲያበቃ እኔን ጠጋ ብሎ «ጦጣዋስ?» ይለኝ ነበር። በመስቀል ሰሞን «ትገባለች» አልኩት።

ገባች፤ ከዚያ ወዲያም በየምሽቱ ትገባ ነበር። እኔ ግን ከምድጃው ዳር ተቀምጬ፣ የእትዬን ደህና መሆን እያየሁ፣ ያንን የጉም አገር እናፍቅ ነበር። ፍሙን አተኩሬ ሳይ ነዶዎቹ ይታዩኛል፤ በቀጥታው ተረት መሀል እሱን እጠብቃለሁ። አልተመለሰም።

ለትምህርት ከቤት ከወጣሁ በኋላ፣ ለእረፍት በመጣሁበት አንድ ክረምት፣ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኋቸው። የጉሙን አጨዳ፣ ምድጃ ዳር የተሰጡትን ጥላዎች፣ ያንን ቤት ሁሉ ነገርኳቸው። እትዬ ፈትላቸውን አቁመው ሰሙኝ።

«እኔ እንዲህ ያለ ተረት አላውቅም ልጄ። ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ ያን ጊዜ በታመሙ ጊዜ። ጦጣዋ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ቀረች። ከውስጥ ምን ነበር?»

እንዝርቱን አስቀመጡ። ከዚያ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ሙቅ ነበር።

«እንኳን አላስገባኋት» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ሰርጌ ላይም እስክስታ ወርደዋል። ከነገሩኝ ተረቶች የአብዛኞቹን መጨረሻ እስከ ዛሬ አውቃለሁ፤ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ያንን አንዱን ግን መጨረሻውን ባለማወቄ ደስ ይለኛል። በሩ ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ተረቱ ይኖረኝ ነበር፣ እትዬ አይኖሩኝም ነበር።