ጭሮን ያሸነፍኩበት መንገድ

«አንቺን ከወሰድኩ ሦስተኛ ልጅ ጨመርኩ እንጂ ሞግዚት አገኘሁ ማለት አይደለም።»

አክስቴ ሀሊማ ይህን ያለችው ከጀርባዬ አልነበረም። አባቴና እናቴ ባሉበት፣ መቻራ ቤታችን ደጅ ላይ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው። ልጅ እያለሁ ብዙ ስድብ ጠጥቻለሁ፤ አብዛኛው በማግስቱ ይረሳኝ ነበር። ይኼኛው አልተረሳኝም፣ ምክንያቱም እውነት ነበር።

አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። እናቴ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና ከዶሮ ጠብቂ ስትለኝ ዶሮዎቹን እስከ ጎረቤት ግቢ ድረስ አሳድዳቸዋለሁ፤ ስመለስ የጎረቤት ፍየል ቡናው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ቁርአን ቤት ምንጣፉ ላይ ያልተቀመጥኩበት ጥግ አልነበረም። የአጎቴ ልጅ ሩቂያ ግን ጠዋት ካስቀመጧት ቦታ ማታም ትገኛለች። አክስቴ የፈለገችው ሩቂያን ነበር።

የእኔ ጉዳይ ሌላ ነበር። በዚያ ዓመት ስድስተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ የእኛ ትምህርት ቤት ደግሞ እዚያ ላይ ያልቃል። ሰባተኛ ክፍል ማለት ለእኛ ጭሮ ማለት ነው። ያኔ በመንግሥት ወረቀት አሰበ ተፈሪ ትባል ነበር፣ በአፋችን ግን ጭሮ ናት። ጭሮ ቤት ያላት ዘመዳችን አዳዳ ሀሊማ ብቻ ነበረች፤ የአባት እህት እኛ ጋ አዳዳ ትባላለች። የጨርቅ ሱቅ አላት፤ ባሏ ሥራው ሩቅ አገር ነው፤ ልጆቿን ትይዝላት የነበረችው ልጅ አግብታ ሄዳለች። ጠዋት ልጆቿን የምትይዝላት፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት የምትሄድ የዘመድ ልጅ ፍለጋ ነው መቻራ የመጣችው። ጭሮ ዘመድ ያልነበራት የክፍሌ ልጅ በዚያው ክረምት ታጭታ ነበር። እኔም ብቀር ምን እንደሚጠብቀኝ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

እናቴ ለመነች። በመጨረሻ አዳዳ እንዲህ ብላ ቆረጠችው፤ «እስከ ገለምሶ ልያት። ልጆቹን ጸጥ ካላሰኘች ከገለምሶ ወደ መቻራ የሚመለስ መኪና አይጠፋም። እሷ ትመለሳለች፣ ሩቂያ ትመጣለች።»

ማለዳ ጆንያ እስከ አፉ በጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን። ሰው ሁሉ ከላይ ጆንያው ላይ ወጣ፤ እኛን ሾፌሩ ጋሽ ንጉሤ ልጆች ስላሉ ብሎ ጋቢና አስገባን። ጋሽ ንጉሤ የበዴሳ ሰው ነው፤ አንገቱ አጭር፣ ድምፁ ወፍራም። አዳዳ በር በኩል ተቀመጠች፣ መኪና ስለሚያዞራት ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ። ሁለት ዓመት ያለፋት ልጇ ነጃት ጭኔ ላይ፣ አራት ዓመት የሆነው ወንድሟ ሻፊ ከእኔና ከማርሹ መካከል። የጋቢናው ሽታ ዛሬም ከአፍንጫዬ አልወጣም፤ ናፍጣ፣ እርጥብ ጆንያ፣ ያደረ ጫት፣ የአዳዳ ሎሚ።

ከመቻራ ሳንርቅ ሻፊ ብስኩቱን ጨረሰ፣ ሸንኮራውን አኝኮ መሪው ላይ ተፋ፣ ከዚያ ማርሹን በሁለት እጁ ያዘ።

ጋሽ ንጉሤ ከመንገዱ ዓይኑን ሳያነሳ፣ «ይሄ ልጅ ይቺን አንድ ጊዜ ደግሞ ከነካ፣ አንቺም እሱም ከላይ ጆንያው ላይ ናችሁ» አለኝ።

ዝናብ ይጥል ነበር። አዳዳ ከሎሚዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ዝም በል ብዬ ብለምነው ጮኸ። ዘፈን ብዘፍንለት ጆሮውን ያዘ። ጣቱን ብቆጥርለት ነከሰኝ። ነጃት ወንድሟ ሲጮኽ ካየች ምክንያት አትጠይቅም፣ አብራ ትጮኻለች። ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ፤ እቤት እኔን ራሴን ቁጭ የሚያደርገኝ ነገር አንድ ብቻ ነበር።

«እንቆቅልህ» አልኩት።

ጩኸቱን አቋርጦ አየኝ። ያውቀዋል። «ምን አውቅልሽ።»

«ሲያለቅስ ሁለት እጆች ፊቱን ይጠርጉለታል። እጆቹ ግን የራሱ አይደሉም። ማነው?»

የመኪናው መስታወት ከፊቱ ነው፤ መጥረጊያዎቹ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሻፊ አሰበ፣ እኔን አየ፣ እናቱን አየ። ካላወቀ ወጉ አገር መስጠት ነው። «አገር ስጠኝ» አልኩት። የሚያውቃት አገር አንዲት ናት፤ ሳያቅማማ «ጭሮን ሰጠሁሽ» አለ።

እኔም እንደ ደንቡ ተቀበልኩና አወረድኩት፤ ጭሮ ገብቼ፣ ሙዟን በልቼ፣ ገበያዋን ዞሬ፣ የሱቁን ጨርቅ ሁሉ ለብሼ፣ አልጋው ላይ ተኝቼ፣ አንተን ደጅ አሳድሬ። ከዚያ መልሱን ነገርኩት። መልሱን ማን ሰምቶት። ሻፊ ፊቱ ቀስ ብሎ ተጨማደደ።

«አልጋዬ ላይ ማን ፈቀደልሽ» አለ። «እማዬ፣ ቤታችንን ወሰደችው።»

አዳዳ፣ «ምን አደረግሽው?» አለች።

ለቅሶው ሊፈነዳ አፉ ተከፍቷል። ቶሎ ብዬ፣ «አልቅሰህ አይመለስልህም፤ አንተም ጠይቀኝና ካላወቅኩ ሌላ አገር እሰጥሃለሁ። ብዙ አገር ስትሰበስብ በጭሮ እንለዋወጣለን» አልኩት።

አፉ ተዘጋ። ለነጃትም ሥራ ሰጠኋት። በኦሮምኛ ሲጠየቅ «ሂቦ» ይባላል፣ መላሹ «ሂቢ» ይላል፤ ሻፊ «ሂቦ» ባለ ቁጥር «ሂቢ» ማለት የእሷ ድርሻ ሆነ። ለዚህች ሥራ እንቅልፏን ሰዋች።

የሻፊ እንቆቅልሽ ይኼ ነበር፤ «ወተት አላት። እምቧ ትላለች። ላም ናት። ምንድን ናት?»

ግንባሬን ይዤ አሰብኩ። ድመት ናት? አይደለችም። ዶሮ ናት? ሻፊ በደስታ ተንቀጠቀጠ። አላወቅኩም አልኩና ቦኬን ሰጠሁት። ቦኬ ገብቶ ቦኬን አጠፋት። ቀጥሎም ላም መጣች፣ አሁን ቀንድ ጨምሮላት። አሰቦትን ሰጠሁት። ሦስተኛዋ ላም ላይ በዴሳን ስሰጠው ጋሽ ንጉሤ መሪውን በጡጫው መታ።

«ቆይ ቆይ። በዴሳን ማንን ጠይቀሽ ነው?»

«ስላላወቅኩ ነው ጋሼ።»

«ልጁ ላም ናት ብሎ ነግሮሽ የለ። ሆን ብለሽ አገሬን ልታስደፍሪ ነው።»

ሻፊ ይኼን ጊዜ በዴሳ ገብቶ የጋሽ ንጉሤን ቤት እየዘረፈ ነበር፤ ምሳውን በላበት፣ መኪናውን ነዳበት። ጋሽ ንጉሤ እስኪጨርስ ጠበቀና፣ «ና አንተ ሽፍታ፣ እንቆቅልህ» አለው። «ቀን ሙሉ ስረግጣት ዝም የምትል፣ ስለቃት የምትጎትተኝ?»

ሻፊ በሙሉ እምነት፣ «ላም» አለ።

መልሱ እግሩ ሥር ያለችው ፍሪሲዮን ነበረች። በዴሳ ነፃ ወጣች። አዳዳ ሎሚዋን ከአፍንጫዋ አንስታ ስትስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት፤ ወዲያው መልሳ ሎሚዋ ውስጥ ገባች።

ገለምሶ ሳንደርስ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቀጥ አለ። ላይ የነበሩት ወንዶች ወርደው ድንጋይ ይለቅማሉ፣ ቅርንጫፍ ይቆርጣሉ። ሻፊን ይዞ ጋቢና ውስጥ ዝም ብሎ መጠበቅ ማለት መኪናው ሲሄድ ከነበረው የባሰ ነው። በሩን ከፍቼ ጨዋታውን ወደ ውጭ አወጣሁት። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው የቆሙ አንድ ሽማግሌ የቦኬ ሰው ነበሩ። ቦኬ በሻፊ እጅ መሆኗን ሲሰሙ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ቦኬን? ለዚህ ጥርሱ ላልጠና? ነገ ገበያችን ነው እኮ የኔ ልጅ።»

«አባባ፣ ከገበያው በኋላ ይረከባል» አልኳቸው።

«በል እንግዲያው፣ ፍየሌን ሸጬ እስክመለስ አገሬን አትንካብኝ።»

ሻፊ አሰበበትና ፈቀደላቸው። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ ተሸክሞ ያለፈ ሁሉ እየቆመ አንድ አንድ እንቆቅልሽ ጣለለት፤ መልሱ ሁልጊዜ ላም ነው፣ ሁልጊዜም ተሳቀ። መኪናው ሲወጣ ሻፊ አንድም እንባ አላፈሰሰም፣ ነጃትም «ሂቢ» እያለች ድምፅዋ ጎርንኖ ነበር።

ነገር ግን ስለ ራሴ አንድ ነገር አውቅ ነበር። በላሞቹ ሁሉ ተሸንፌያለሁ፤ አገሩን ሁሉ በትኜለታለሁ። ሻፊ በየመሀሉ፣ «አሁን ጭሮን ስጪኝ» ይላል፤ እኔም «ገና ነው፣ ጭሮ ውድ ናት» እለዋለሁ። ጭሮን አልለቀቅኩም። ገለምሶን ሳናልፍ አልለቅም ብዬ ነው።

ገለምሶ ገባን። እንደ ተፈራው ወደ መቻራ የሚመለስ አንድ ላንድሮቨር ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። አዳዳ ወርዳ ፊቷን ታጠበች። ልጆቹ አላስቸገሩም፤ ግን የእሷ ልብ አሁንም ሩቂያ ጋ ነበር። አንድ ጊዜ ያሰበችውን የምትለቅ ሴት አይደለችም።

«በርትተሻል» አለችኝ። «ቢሆንም አንቺ የጨዋታ ልጅ ነሽ። ቤት ሌላ ነው። መኪናውም ሳይሄድ...» ብላ ቦርሳዬን ከጋቢናው ልታወርድ እጇን ሰደደች።

ሻፊ ያን ጊዜ ያሰማውን ድምፅ ገለምሶ ዛሬም ሳይረሳው አይቀርም። ከጋቢናው ዘሎ ቀሚሴ ላይ ተሰፋ።

«ጭሮዬን ይዛ ልትሄድ ነው። ቤታችን እሷ ጋ ነው። እማዬ፣ የት ልንገባ ነው?»

አዳዳ፣ «ጨዋታ ነው፣ ሻፊዬ» አለችው። ለአራት ዓመት ልጅ ጨዋታ ነው የሚባል መልስ የለም። ልታላቅቀው ብትስብ ቀሚሴ አብሮ መጣ። ነጃት ከጋቢናው ውስጥ ለማገዝ ጮኸች። ላይ ያሉት የቦኬ ሽማግሌ ከጆንያው አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ «ሀሊማ፣ ልጁ እውነቱን ነው። አገሩን ይዛ እንዴት ትመልሻታለሽ? ዕዳው ለእኛም ይተርፋል» አሉ።

ጋሽ ንጉሤ ጨመረ፤ «እኔ እነዚህን ሁለቱን ያለ እሷ ጋቢና አላስገባም። ከፈለግሽ ከላይ ጆንያ ላይ ይሁኑ።»

አዳዳ ዝናቡን አየች፣ ጆንያውን አየች፣ በመጨረሻ እኔን አየች። እኔም ቀጥ ብዬ አየኋት፤ ዓይኔን አልሰበርኩም።

«ጭሮን አሁን ብትሰጪው ዝም ይላል» አለች ቀስ ብላ።

«ይላል» አልኳት።

«አትሰጪውም።»

«ጭሮ ስንደርስ ነው የምሰጠው፣ አዳዳ።»

አዳዳ ቦርሳዬን መልሳ ወደ ጋቢናው ወረወረችው። «ሰይጣን» አለችኝ፤ ከንፈሯ ግን ሌላ ነገር ይል ነበር። «ግቢ።» ላንድሮቨሩ ያለ እኔ ሄደ።

በዴሳን ስናልፍ ጋሽ ንጉሤ ጥሩንባውን ነፋ፤ ከተማዋ በእጁ ስለ መሆኗ። ከዚያ በጉም ውስጥ ዳገቱን ወጣን። ብርዱ ገባ፤ አዳዳ ነጠላዋን ለእኔና ለነጃት አለበሰችን። ወደ ማታ ጭሮ ከታች ቆርቆሮዋ እያብለጨለጨ ስትታይ ሻፊን ደረቴ ላይ አስደግፌ አቆምኩትና ከመስታወቱ ፊት አደረግኩት። የመጨረሻዋን ላም ጠየቀኝ፤ አላወቅኳትም። «ጭሮን ሰጠሁህ» አልኩት። እጁን ዘርግቶ ቤት በቤት ተቀበላት፤ መስጊዷን፣ ቤተ ክርስቲያኗን፣ ገበያዋን፣ አልጋውን።

ባለፈው ዓመት መሥሪያ ቤቴ ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ላከኝ። እኛን ከመቻራ ጭሮ አንድ ቀን የፈጀብንን ያህል መንገድ እዚያ ሰማይ ላይ ሻይ እየጠጡ ያልፉታል። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት ለልጇ ያልያዘችው ነገር አልነበረም፤ ከረሜላ፣ የሚጮኽ አሻንጉሊት፣ ሥዕል ያለው መጽሐፍ። ልጁ ሁሉንም ወርውሮ ያለቅሳል። አልፈረድኩበትም። በመስኮት ቢያይ ደመና ነው፤ ፍየል የለ፣ ጭቃ የለ፣ አካፋ ተደግፎ የሚያወራው ሽማግሌ የለ። የእኛ መንገድ ጎታታ ነበር፤ ግን ሰው ነበረበት፣ ልጅም የሁሉም ነበር። «እንቆቅልህ» አልኩት። አየኝ፤ ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም። እናቱም አፍራ ረስቼዋለሁ አለችኝ። እስክናርፍ አስተማርኩት። ሲወርድ ናዝሬትን ይዞ ነው የወረደው።

ያኔ ጭሮ በገባን በሳምንቱ ትምህርት ተጀመረ። ጠዋት ልጆቹን አጥቤ፣ አብልቼ፣ እኩለ ቀን ላይ ሱቅ አደረስኳቸው። አዳዳ በሜትር ጨርቅ እየለካች ነበር፤ ደንበኛዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለቻት።

አዳዳ መለካቷን አላቋረጠችም። «የወንድሜ ልጅ ናት። ሰባተኛ ክፍል ነች።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ቆመሻል? ሰዓቱ ደረሰ፣ ሂጂ» አለችኝ።

ነጃትን ከጀርባዬ አውርጄ እናቷ እጅ ላይ አስቀመጥኳትና ወጣሁ።