የጾም ኬክ ፍለጋ

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሊጠይቁን የመጡት ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ልጃቸው ያገባትን ሴት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ስለነበር፣ በፊታቸው ባለሙያ ካልተባልኩ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ተነሣሁ።

የሆቴል ክፍል አጽጂ ነበርኩ። አንድ ቀን ከግብዣ የተረፈ ካሮት ኬክ ስጡኝ ብዬ ይዤ ገባሁ። አዲስ አበባ ኬክ ቤቶች በሁዳዴ የጾም ኬክ ይሸጡ የለ? ፈረንጅም ካሮቱን የፈቀፈቀው ለጾም መስሎኝ! አማቴ አንዱን ቁራጭ በሉ፣ ጣታቸውን ላሱ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ሁለተኛውን ደገሙ።

ባሌ ከሥራ ሲገባ ሳህኑን አይቶ ጮኸ። "ኧረ ይሄ እንቁላል አለው! ቅቤ አለው! ላዩ ላይ ያለው ራሱ ቺዝ ነው!"

"ጾሜን አስገደፍሽኝ!" አሉ አማቴ፣ ራሳቸውን ይዘው። ወዲያው የስልክ ካርድ ፍቀው አዲስ አበባ ላለችው እህታቸው አወሩላት። ከዚያ በኋላ ሽሮ ሳቀርብ እንኳ "ካሮት የለበትም?" ይሉኝ ጀመር። በጣም ነበር የምናደደው።

ብሶቴን አብራኝ ለምትሠራ ቻይናዊት ነገርኳት። "የእኛ የአትክልት ኬክ ስኳር እንኳ የለውም" አለችኝ። ነጭ ፍጁል ተፈቅፍቆ፣ በሩዝ ዱቄት ተለውሶ፣ በእንፋሎት ይበስላል፤ ሲቀዘቅዝ ተቆርጦ በዘይት ይጠበሳል። አሁንስ አልሞኝም ብዬ እንደ ፖሊስ መረመርኳት።

"እንቁላል?"

"የለም።"

"ወተት?"

"የለም።"

"ቅቤ?"

"ቅቤ ለምን?" ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቷ ሠርታ አመጣችልኝ። ቤት ወስጄ ጠበስኩት። አማቴ በጥርጣሬ ጫፉን ቀመሱ፣ ሚጥሚጣ አስመጡ፣ ሳህኑን ጠረጉት። "ኬክ እንዲህ ጨው ሲኖረው ነው እንጂ!" አሉ። ካርድ ተፋቀ፣ ለእህታቸው ተደወለ፤ "ምራቴ ባለሙያ ናት!" ሲሉ ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በላዩ በላዩ አስመጡኝ። ኋላ አሠራሩን ካልተማርኩ አሉ። እኔም ጓደኛዬን ጠየቅኋት፤ በጣቷ እየቆጠረች ዘረዘረችልኝ፦ ፍጁል፣ የሩዝ ዱቄት፣ ጨው። "ውስጡ ያለው ቀይ ደቃቃውስ?" አልኳት፣ የደረቀ ቃሪያ መስሎኝ።

"የአሳማ ቋሊማ።"

እንኳን በሁዳዴ፣ በፍስክስ ማን አሳማ ይበላል? ግን ኬክ ውስጥ ሥጋ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው የት አለ? ለአማቴ ሴትዮዋ መሥራት ትታለች ብዬ ዋሸሁ። እውነቱን ብናገር ባለሙያነቴ ገደል መግባቱ ነው። ዝም ብል ደግሞ ቅዳሴ ላይ አጠገባቸው መቆም አቃተኝ።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው እየተበላ ሳለ እውነቱ ከአፌ ወጣ። "እማዬ፣ ያ የቻይና ኬክ… አሳማ ነበረበት።"

ባሌ ጉርሻውን እንደያዘ ቀረ። አማቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

"ያን ካሮት" አሉ፣ "የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳላውቅ ነው የበላሁት።"

"አውቃለሁ፣ እማዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ቅቤ እንዳለው ግን ያኔውኑ ገብቶኝ ነበር። ሁለተኛውን እያወቅሁ ነው የደገምኩት።"

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ንስሐ አባት ጋ አብረን እንሄዳለን" አሉኝ። "አንቺ ትቀድሚያለሽ።"