ከራጅ ላይ ያልጠፋው ስም

ሆስፒታሉ ምድር ቤት የምትሠራውን ፕሮግራመር በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ላጲስ» ነው የሚላት። ሥራዋ ማጥፋት ነዋ! የጻፈችው ኮድ ከራጅ ፋይል ውስጥ የታካሚውን ስም፣ የልደት ቀንና የካርድ ቁጥር ጠራርጎ ያወጣል፤ ምስሉ ጥግ ላይ የታተመ ጽሑፍ ካለም በጥቁር ይሸፍነዋል። ምስሎቹ፣ ኮምፒውተር የሳንባ በሽታ መለየት እንዲማርባቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሊላኩ ነው። ዋና ሐኪሟ የፈቀዱት ግን ከዓመት ልመና በኋላ፣ ያውም «አንድ ስም ካመለጠሽ ነገሩ ሁሉ ይቀራል» ብለው ነው።

ያን ቀን ጠዋት ኮዱ ሠርቶ ጨረሰ። ላጲስ ጮቤ ረገጠች። ደረጃውን እየዘለለች ወጥታ ራጅ አንሺውን ጋሼን ከነጋውናቸው እየጎተተች አመጣቻቸው።

«አንድ ስም ካገኙ ጆሮዬ ይቆረጥ!»

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ምስሎቹን ማገላበጥ ጀመሩ። ሳንባ፣ ጎድን፣ ትከሻ፤ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል። አንዱ ላይ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቀጥ አለ። ላጲስ ጎንበስ ብላ አየችና ክው አለች። ከአንገት በታች፣ አጥንቱ መሀል፣ በብረት ፊደል የተሠራ የሐብል ጌጥ ቦግ ብሎ ይነበባል። ያውም የጋሼ የራሳቸው ስም!

«ጋሼ! ይቺ ደግሞ ማናት?»

«ባለቤቴ ናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳል ይዟት መጥታ ነው። ሰውን ሁሉ ብረት አውልቅ እያልኩ ስጮህ እውላለሁ፤ እሷ ግን ‹ከሠርጋችን ጀምሮ አውልቄው አላውቅም› ስትለኝ አንጀቴ አልጨክን አለ።»

ኮዱ ጽሑፍ የሚፈልገው ጥግ ጥጉን ነው፤ ሰው ደረት ላይ ስም ይኖራል ብሎ ማን ያስባል! የዓመት ልፋቷ የእንቧይ ካብ ሊሆንባት ነው። ላጲስ ልታለቅስ አፏን ስትከፍት የወጣው ሳቅ ሆነ፤ ጋሼም ተከትለው በሳቅ ፍርስ አሉ።

ዋና ሐኪሟ በዚሁ መሀል ገቡ። ጋሼ ቀደም ብለው «ያመለጠው ስምም የኔ፣ ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ። ሐኪሟ ምስሉን አዩ፣ ጋሼን አዩ፤ ሊቆጡ ፈልገው ሳቁ አሸነፋቸው።

«ይህን አውጡት። የቀረውን አንድ በአንድ በዓይናችሁ አይታችሁ ላኩ።»

ቀኑን ሙሉ ሲያዩ ዋሉ፤ ሌላ ስም አልተገኘም። ፋይሉ ሲላክ ላጲስ የጋሼን አንገት አቅፋ ዘለለች። ጋሼ ስልክ አንስተው ባለቤታቸው ላይ ጮሁ፦

«አንቺ ሴትዮ! ባንቺ ሐብል ልንዋረድ ነበር እኮ!»

«ታዲያ የማንን ስም አንጠልጥዬ ልነሳልህ ኖሯል?» አሉ ሴትየዋ።

ጋሼ ስልኩን እንደያዙ እንደ ሙሽራ አፈሩ።