አሥራ አምስተኛዋ ጥርስ

የሞተር ሳይክል መካኒኩን ሰው ሁሉ «ጋሽ ቁጠረው» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ አልበደሉትም። ሞተሩ ጋራዡ ደጃፍ በቅጡ ሳይቆም ጎንበስ ብሎ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላውን ብረት ጥርስ በጥርስ ይቆጥራል። ሠርቶ ሲያስረክብም ባለቤቱን አጠገቡ አቁሞ እንደገና ይቆጥራል። «አርባ ሁለት ነበረ፣ አርባ ሁለት ነው፤ አይተሃል?» አይቻለሁ ካላሉት ቁልፉን አይሰጥም። የሚፈታውን ቡሎን ሁሉ በሟች ሚስቱ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ያደርግበታል፤ እጁን ሊታጠብ ዞር ሲል እንዳይለውጡበት ነው። የሚስቱ ቀለም ካለቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ራሱ ነው የሚገዛው። ባለ ሱቋ አንድም ቀን ለምን እንደሚገዛ ጠይቃው አታውቅም። እሱ ደግሞ «ለምን አልጠየቀችኝም?» ብሎ እሷንም ይጠረጥራታል።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ፣ ከአንድ ሳህን የሚበላ ጓደኛ ነበረው። ያ ጓደኛ የሰውን ደህና ዕቃ እየፈታ ያለቀውን ይገጥም ኖሯል። ነገሩ ሲፈነዳ ጥፋቱ የሁለቱም ሆነና ሁለት ዓመት ሙሉ የጋራዡን ደጃፍ የረገጠ ሰው አልነበረም። «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» የሚለውን ያን ጊዜ ያዘ፤ አንዴ ከያዘው ወዲያም አልለቀቀውም።

አንድ ልጅ አለችው፤ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከቤታቸው ልክ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ግማሹ ዳገት ነው። የአውቶቡሱን ሾፌር ስላላመነው ትንሽ ሞተር ሳይክል ገዛላት። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ቀን ልጅቷ ጓንቷን እያወለቀች፣

«አባዬ፣ ዳገቷ ላይ ሞተሯ ሞተችብኝ፤ አንደኛ ማርሽ ካላስገባሁ ንቅንቅ አትልም» አለችው።

ደስ አለው። ልጁ የምታማክረው በዚህ በዚህ ብቻ ነበር።

«መድኃኒቷ አንዲት ጥርስ ናት» አላት። «ካቴናውን የሚጎትተው ትንሹ ብረት፣ የፊቱ ፒኞን፣ አሥራ አምስት ጥርስ አለው፤ በአሥራ አራት እንለውጠዋለን። ከፊት አንድ መቀነስ ከኋላ ሦስት እንደ መጨመር ነው። ፍጥነቷ ትንሽ ይቀንሳል፣ ጉልበቷ ግን ይጨምራል።» ፍጥነቷ መቀነሱ እሱን ከጉልበቷ ይልቅ እንዳስደሰተው አልነገራትም።

እሑድ ጠዋት ሠሩት። የፒኞኑን ሽፋን ለማንሳት ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚወርደውን ሽቦ ነቀለ፤ ከዚያ ሽፋኑን አነሳ። «ፍሬኑን ርገጪ፣ እንዳይዞር» አላትና ዳዶውን በረጅም ቁልፍ ፈታ። አሥራ አምስቱን ጮክ ብሎ ቆጥሮ አወጣው፣ አሥራ አራቱን ጮክ ብሎ ቆጥሮ አስገባው። የረገበውን ካቴና የኋላውን ጎማ ወደ ኋላ ስቦ ወጠረው። ሽፋኑን መለሰ፣ ሽቦውን መለሰ፣ ቡሎኖቹን ቀይ ቀባ። የወለቀውን ፒኞን ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ልጅቷ ሰኞ ዕለት ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ወጥታ መጣችና ጉንጩን ሳመችው።

አሁን አንድ ነገር እንናገር፤ እሱ ቢደብቀውም እኛ አንደብቅለትም። ልጁ ከሥራ ስትመለስ፣ እሷ ፊቷን ስትታጠብ፣ ጋሽ ቁጠረው በየቀኑ ቆጣሪውን ያያል። ቢጠየቅ «ለዘይት መቀየሪያው ነው» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሃያ ስምንት ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሥራ አራት ሲሄዱ፣ አሥራ አራት ሲመለሱ።

ያን ሰኞ ሠላሳ ሆነ።

ሱቅ ደርሳ ይሆናል አለ። ማክሰኞም ሠላሳ። ረቡዕም፣ ሐሙስም ሠላሳ። አንድ ቀን ሱቅ ነው፣ ሁለት ቀን ጓደኛ ነው፤ በየቀኑ ሁለት ኪሎ ሜትር ግን ሰው ነው። ዳገቱ የቀለለላት ወደ ማን ለመሄድ ነው? እንግዲህ አንድ ኪሎ ሜትር ገባ ብላ አንድ ኪሎ ሜትር ትወጣለች ማለት ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር የሚያስገባ ቅያስ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ንብ አናቢ ይኖራል። በዚያው ሳምንት የቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ ማሰሮ ማር ተቀምጦ አየ። «በሽተኛ ነው የሰጠኝ» አለች። እሱ ማሰሮውን አገላብጦ አየው።

ልጁን ከኋላ መከተል አሳፈረው። ሰውየውን መመርመር ግን አላሳፈረውም፤ ቅዳሜ በራሱ አሮጌ ሞተር ሄደ።

«ሞተር ሳይክል የምትነዳ ሴት እዚህ ትመጣለች?» አለው ንብ አናቢውን።

«ጋሼ፣ እዚህ ከንብ በቀር የሚመጣ የለም» አለ ንብ አናቢው። «እርስዎም ሞተሩን ያጥፉት እንጂ፣ ቁጣቸው ከባድ ነው።»

ቀልዱ ለጋሽ ቁጠረው የጥፋት ማስረጃ ሆነለት። ንጹሕ ሰው ምን ያስቀልደዋል? ሰኞ አመሻሽ፣ አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ራት ስታቀርብ፣ ነገሩን አፈረጠው።

«ሁለቱ ኪሎ ሜትር የት ነው የሚሄደው?»

«የምን ሁለት?» አለች ልጅቷ።

ከሰኞ እስከ ሰኞ በቃሉ ዘረዘረላት። ልጅቷ እስኪጨርስ ሰማችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ኖሮ ይሻል ነበር። ከቦርሳዋ የሞተሩን ቁልፍ አውጥታ ሳህኑ አጠገብ አኖረችና «ቆጣሪህን ያዝ፣ አባዬ» አለችው። በማግስቱ ልብሷን ይዛ በአውቶቡስ ሄደች፤ ጤና ጣቢያው ለነርሶች የሚሰጠው ክፍል ውስጥ መኖር ጀመረች።

ዘጠኝ ቀን ስልኩን አላነሳችም። እሱ «የማታነሳው ጥፋተኛ ስለሆነች ነው» ይላል፤ ይላል እንጂ ምግብ አልወርድለት ብሏል። ባዶውን ወንበር እያየ ልጁን እስከ ወዲያኛው ያጣት ይመስለዋል። ሚስቱን ሞት ወሰዳት፤ ይቺን ግን ያባረራት እሱ ነው። በአሥረኛው ቀን እህቱ አላስችል አላት።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል። አንተ ግን ሳትሰርቅ ነው የማታምነው፤ ይሄ ደግሞ ምን ይባላል? ተነስና ሞተሯን አድርስላት!»

ተነሳ። ቆጣሪውን ሳያይ ይነሳል ብሎ የሚገምት ካለ ጋሽ ቁጠረውን አያውቀውም። ቁጥሩን መዳፉ ላይ ጻፈ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው የሚሄደው፣ እግረ መንገዱን ግን ቅያሱ አጠገብ የጎማ ምልክት ቢያይ አይጠላም።

መንገዱ ዳር ከሰፈራቸው ጀምሮ በየኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ተተክሏል። ሰባተኛው ድንጋይ ላይ ሲደርስ ቆጣሪው ሰባት ተኩል አለ። ቆመ። መጀመሪያ የጠረጠረው ድንጋዩን ነው፤ ወርዶ በእግሩ ገፋው፣ አልተነቃነቀም። ቅያሱን ዘወር ብሎ እንኳ ሳያይ አለፈው። አሥራ አራተኛው ድንጋይ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። ቆጣሪው አሥራ አምስት ይላል።

የትም አልገባም፣ የትም አልታጠፈም። መዳፉን አየ፣ ቆጣሪውን አየ። ከዚያ ከቆጣሪው የሚወርደውን ሽቦ በዓይኑ ተከተለ። ሠላሳ ዓመት ሲፈታ የኖረው ሽቦው ከፊት ጎማ የሚነሳባቸውን ሞተሮች ነው። የዚህችኛዋ ግን ወደ ፊት ጎማ አይሄድም፤ ቁልቁል ወርዶ ሽፋኑ ሥር፣ ፒኞኑ ዘንግ ላይ ይገባል። በገዛ እጁ ነቅሎ በገዛ እጁ የመለሰው ሽቦ! ቆጣሪው የሚቆጥረው ጎማውን ሳይሆን ፒኞኑን ነው። አንድ ጥርስ የጎደለው ፒኞን ደግሞ ያንኑ መንገድ ለመጨረስ አብዝቶ መዞር አለበት። አሥራ አራቱ አሥራ አምስት፣ ሃያ ስምንቱ ሠላሳ። ሁለቱ ኪሎ ሜትር የወጣው ከራሱ ጋራዥ ነው።

አፈረ። እንደዚያ አፍሮ አያውቅም፤ ስሙ ከጓደኛው ጋር የጠፋ ጊዜ እንኳ።

ልጅቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች። በር ላይ ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ሽቦውን፣ ድንጋዩን፣ ንብ አናቢውን ሳይቀር። «ጥርሱን የቀነስኩት እኔ፣ የጠረጠርኩት አንቺን። ይቅር በይኝ ልጄ» አለ። ንቦቹ ጋ ሲደርስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች። ከዚያ ወደ መሬት አየች።

«አባዬ፣ ሰው ግን አለ።»

ዓይኑ መዳፉ ላይ ወደ ጻፈው ቁጥር ወረደ።

«እዚሁ ነው የሚሠራው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ። ኪሎ ሜትር አይጨምርም።»

ቀና ሲል በመስኮቱ አንድ ቀጭን ረጅም ሰው አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም አለው፤ ፈራ ተባ እያለ ፈገግም አለ። ጋሽ ቁጠረው የሰውየውን ጥርስ መቁጠር መጀመሩን ሲያውቅ ዓይኑን ቶሎ አነሳ።

«ስንት ጊዜ ሆናችሁ?»

«ዓመት ከመንፈቅ።»

ዓመት ከመንፈቅ ማለት ቆጣሪው በየቀኑ ሃያ ስምንት ሲል፣ እሱም ልጁን የሚያውቃት መስሎት እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው።

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«ብዙ ጊዜ ልነግርህ ተነስቼ ነበር» አለች። «ፊቴን ታጥቤ ስወጣ ሞተሯ ላይ ጎንበስ ብለህ አገኝሃለሁ። እየቆጠርክ። ተመልሼ እገባለሁ።»

ጋሽ ቁጠረው ከኪሱ ፒንሳ አወጣና ሞተሯ አጠገብ ተንበረከከ፤ ሽቦውን ከሽፋኑ ነቅሎ፣ ከላይም ፈትቶ፣ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«ታዲያ የዘይት መቀየሪያዋን በምን ልታውቅ ነው?» አለችው።

«ትነግሪኛለሽ» አለ።